በዳጋ ጉራቻ ላይ የተነገረ ሀጃ

ከሚሴን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሹፌሩ ለሻይ ሲያቆም ይወርዳል፣ እግሩን ያፍታታል፣ ሙቀቱን ይረግማል፣ መልሶ ይሳፈራል። እኔም እንደዚያው ነበር የማውቃት። ባለፈው ጥቅምት ግን ከረቡዕ እስከ እሑድ እዚያው ሰነበትኩ፤ መንገድ ለማይጥላችሁ ሁሉ ልንገራችሁ ብዬም ይህን መጻፍ ጀመርኩ። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ ሙቀት ሲነካኝ ቶሎ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው ነኝ። ያየሁትንና ያለምኩትን አልፎ አልፎ ቀላቅዬ ከሆነ ይቅር በሉኝ።

የሄድኩት ገደል ልወጣ ነው። ይህን ስል ሰው እንዴት እንደሚያየኝ ለምጄዋለሁ። ስፖርት ነው። ወገብ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ጓደኛ ከታች ገመዱን ይዞ፣ በጣትና በእግር ጫፍ ድንጋይ ለድንጋይ መውጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የምንለማመደው አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ በተሠራ የእንጨት ግድግዳ ላይ ነው። አሠልጣኛችን በቅርቡ ሌላ ሥራ ሳይዙ ሙሉ ቀን የሚሠለጥኑ ጥቂት ልጆች መረጠና እኔንም ጨመረኝ። በዚያው ሳምንት አንድ ባንክ «ፈተናውን አልፈሻል፣ ሰኞ ሥራ ጀምሪ» አለኝ። አሠልጣኙም መልሴን የሚፈልገው ለዚያው ሰኞ ነው። እናቴ ባንኩን ስትለምንልኝ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትስም ነው የከረመችው። እኔ ግን የቱን እንደምፈልግ ስጠየቅ አፌ ይተሳሰራል። ጫማ ልገዛ ገብቼ ባለሱቁ ሰልችቶት ወንበር ያቀረበልኝ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በላይ ስለ ራሴ መግለጫ የለኝም።

ገመድ የምትይዝልኝ ጓደኛዬ ፋጤ የከሚሴ ልጅ ናት። «እኛ ጋ የእውነት ገደል አለ። እሱን ነክተሽ ወስኚ» አለችኝ። ይህንንም ለመወሰን ጊዜ ወስዶብኝ ነበር፤ ትኬቱን የቆረጠችው እሷ ናት።

ረቡዕ

ከመናኸሪያ ስንወጣ ከተማው ገና አልነቃም። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ሻዩን በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን፤ ከዚያ በኋላ የሚወልቅ ስላልነበረ ተኛሁ። ስነቃ ከግራና ከቀኝ ማሽላ ነው። ከሰው የሚረዝም፣ ራሱን የደፋ፣ ማለቂያ የሌለው ማሽላ። ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ የማየው መሰለኝ።

«የጨፋ ሜዳ ነው» አለች ፋጤ መስኮቱን ከፍታ። ከእናቷ ቀጥላ የምታስተዋውቀኝ ዘመድ ይመስል ነበር አነጋገሯ።

ከሚሴ ደርሰን ዕቃችን ከመኪናው ጣሪያ ሲወርድ ግን ጮህኩ። ረዳቱ የሰዉን ፍራሽ፣ ጆንያና አንድ የብረት አልጋ ጠፍሮ ያሰረው በእኔ ገመድ ነው። ሕይወቴን በምሰቅልበት ገመድ!

«ምን ያስጮህሻል እህቴ? ጥሩ ገመድ ነው እኮ፣ እንዴት እንደያዘልኝ!» አለኝ። ምስጋናው ከልቡ ስለነበር ምን ብዬ እንደምሳደብ ጠፋኝ።

የፋጤ እናት እትዬ ዘሃራ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸውን በኦሮምኛ፣ እኔን በአማርኛ፣ ሁለታችንንም በአንድ ትንፋሽ ሳሙን። «አካም ጅርታ የኔ እናት፣ ደህና መጣሽ? ምነው እንዲህ ቀጠንሽ? ገደሉ ነው ያከሳሽ?» ከዚህ በፊት አይተውኝ አያውቁም።

ለእኔ ዶሮ ተዘጋጅቶልኛል። ተዘጋጅቷል ስል እግሯ ታስራ በረንዳ ላይ ቆማለች ማለቴ ነው። እስላም ቤት ያረፈ ክርስቲያን የክርስቲያን እጅ ያረደውን ነው የሚበላውና፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ወርቁ ሊያርዱ፣ ሚስታቸውም በራሳቸው ድስት ሊሠሩልኝ ተነጋግረው ጨርሰዋል። እኛ ሰፈር ጎረቤቴ ማን እንደሆነ የማውቀው ውኃ ሲጠፋ ብቻ ነው። ጋሽ ወርቁ ቢላዋ ይዘው መጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ ድርቅ ብለው ቀሩ።

«ዘሃራ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

ጾም መሆኑን ሁላችንም ረስተናል፤ እኔም ጭምር። ዶሮዋ አንድ ሌሊት ተጨመረላት። እኔ ደግሞ በማሽላ እንጀራ ሽሮ በላሁ። የጤፉን ልስላሴ ለለመደ አፍ መጀመሪያ ይሻክራል፤ ሲቆይ ግን ጣፋጭነቱ ይመጣል። ዶሮዋን ያሰሯት ከመኝታዬ በር አጠገብ ነበርና እንቅልፌን ከእሷ ጋር ተካፍለን አደርን።

ሐሙስ

ጠዋቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ገመዱን በጣቶቼ መሐል እያሳለፍኩ መረመርኩት። የተቆረጠ፣ የሳሳ ቦታ ካለ ጣት ያውቀዋል። ደግነቱ ምንም አልሆነም። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ ያያሉ። አንዷ «ስንት ግመል ይይዛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አስቤው ስለማላውቅ ገመዱን መመርመሬን ቀጠልኩ፤ እሷም ታዝባኝ ሄደች።

ልምምድ እንዳይቀርብኝ ብዬ የበሩን መቃን በጣቶቼ ጫፍ ይዤ ተንጠለጠልኩ። እቤቴ በየቀኑ የማደርገው ነው፤ እናቴ ማየት ካቆመች ቆይታለች። እትዬ ዘሃራ ግን ከጓዳ ሲወጡ አዩኝና «ያ ረቢ! ቤቴን ልታወርጅው ነው?» ብለው እግሬን አቀፉኝ። ሊያድኑ የፈለጉት እኔን ይሁን ቤቱን እስካሁን አላወቅሁም።

ምሳዬ ዶሮ ነበረ። ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ተሸክመው አመጡት፣ እስክጨርስም ቆመው ጠበቁ።

ከዐሱር ሶላት በኋላ እትዬ ዘሃራ ቤት ዱዓ አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤት ተሰብስቦ ይለምናል። ምንጣፉ ተነጠፈ፣ ጫቱ መሐል ተቀመጠ፣ ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ ዙሪያውን ሞላ። የሚመሩት ሸህ ሰይድ ናቸው፤ ጆሯቸው ከበድ ያለ፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎ የሚስቁ ሽማግሌ። ደንቡ እንዲህ ነው። ችግር ወይም ምኞት ያለው ሰው ሀጃዬ ይህ ነው ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ይለምኑለታል፤ ሰዉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል።

አንዲት ሴት «ጊደሬ ጠፍታብኛለች» አለች።

«ምን ዓይነት ጊደር?»

«ዳለቻ። አንድ ቀንዷ የተሰበረ።»

«ያ አላህ፣ ያችን ዳለቻ፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረውን፣ ወደ ባለቤቷ መልሳት!»

«አሚን!»

ሌላው ልጁ ጂዳ ላይ የመኖሪያ ወረቀት እንዲያገኝ፣ ሌላዋ ጉልበቷ እንዲሻላት። ሁሉም የሚፈልገውን ያውቃል፣ ያውም እስከነቀለሙ። እኔ ጥግ ይዤ በሙቀቱና በአሚኑ ዜማ መሐል ልክ እንደ ሕፃን እያንቀላፋሁ ነበር።

«አንቺስ የኔ ልጅ? ሀጃሽ ምንድን ነው?»

ቤቱ ዞሮ አየኝ። «መልካሙን ሁሉ» አልኩ።

«መልካሙንማ አላህ ያውቀዋል። የተጠየቅሽው ያንቺን ነው።»

«እንድወስን ነው።»

«የቱን?»

በቀኜ እትዬ ዘሃራ «ባንኩን በያቸው፣ እናትሽ ደስ ይላታል» አሉኝ በሹክሹክታ። በግራዬ ፋጤ «ገደሉን በይ» ብላ ጎኔን ጎሰመችኝ። በመጨረሻ እነሱን የመሰልኩ መስሎኝ «አላህ ያለው ይሁን» አልኩ።

ሸህ ሰይድ ተቆጡ። «ለሱማ ምን አሚን ያስፈልገዋል? ይሄ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ ምን ሊለምንልሽ ነው?»

«ኧረ ይተዋት ሸኹ፣ እንግዳ ናት» አሉ ሴቶቹ።

«አልተጣላኋትም! የሌላውን ዘግቻለሁ፣ የሷ ክፍት ይደር። ስታውቀው ትንገረን።»

ሰው ሲበተን እኔ አፍሬም ተናድጄም ነበር። ገደሉን ብል የእናቴ ጸሎት እንዳይሰማ መለመን የሚሆንብኝ መሰለኝ፤ ባንኩን ብል ደግሞ መዋሸት ነው። እኔና እናቴ ተቃራኒ ነገር ለምነን ሰማይ ቤት ቢገናኝስ የማን ይቀደማል? ፋጤን ጠየቅኋት። «አንቺ መጀመሪያ ለምኚ፣ ከዚያ ትጨነቂያለሽ» አለችኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ከተማው ነጭ በነጭ ሆነ፣ ከጁምዓ በኋላ ጥላ ጥላውን ይዞ ተኛ። እኛ ገደሉን ልናይ በባጃጅ ወጣን፣ ባጃጁ የማይሄድበትን በእግር ሄድን። መንገዱ በማሽላ መሐል ነው። እርሻው ውስጥ እንጨት ተተክሎ የተሠራ ማማ ላይ አንድ ገበሬ ቆሞ ወፍ ያባርራል፤ ወንጭፉን ሲያጮኸው መንጋው ተነስቶ ሰማዩ ላይ ይገለበጥና ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ሰውየው አይናደድም። ደግሞ ያጮኻል። ቆሜ ሳየው ፋጤ ጎትታ ወሰደችኝ።

ገደሉ ዳጋ ጉራቻ ይባላል፣ ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው። ጥቁርም ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከመሐሉ በላይ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ በከሰዓቱ ፀሐይ እንደ ምጣድ የጋለ። መዳፌን አስቀምጬ ቶሎ አነሳሁት። መጋዘናችን ውስጥ መያዣው ሁሉ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀዩን ተከተል፣ ቢጫውን ተከተል ይልሃል። እዚህ የተቀባ ነገር የለም። የትኛውን መያዝ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው ሳይኖር አንድ ሙሉ ተራራ ፊቴ ቆሟል። ፈራሁ፤ የፈራሁት መውደቁን ብቻ አልነበረም።

አንድ ዋርካ ሥር አረፍ አልንና እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ገደሉን እየወጣሁ ገመዱን ከታች የያዘችው እናቴ ናት። ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። «ልልቀቅልሽ ወይስ ልሳብ?» ትለኛለች። እኔ ወደ ላይ አያለሁ። «ልጄ፣ ክንዴ ደከመ እኮ፣ ንገሪኝ እንጂ» ትላለች። ስነቃ ፊቴ እርጥብ ነበር። ፋጤ ላብ መስሏት በሻሿ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ እኔም ላብ ነው አልኩ።

ቅዳሜ

ፀሐይ ሳይሞቅ፣ ማንም ሳያየን ልንወጣ ነበር ሐሳባችን። ነገር ግን እትዬ ዘሃራ ለአንድ ሰው ነግረዋል፣ ያም ለሌላው፣ ዳጋ ጉራቻ ስንደርስ የሐሙሱ ዱዓ በሙሉ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ጋሽ ወርቁ አሉ። ጊደሯ የጠፋባት ሴት አለች፤ ጊደሯ አልተገኘችም፣ እግረ መንገዷንም ልትፈልግ ነው። ሸህ ሰይድ በበቅሎ መጥተዋል።

ፋጤ በኋላ በኩል ባለው የፍየል መንገድ ዞራ ገመዱን ከላይ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ባሰረችው የብረት ቀለበት አሾልካ ሁለቱንም ጫፍ ቁልቁል ጣለች፣ ተመልሳ ወረደችና አንዱን ወገቧ ላይ አያያዘች። እኔ ሌላውን ታጠቅሁ። እንዳያንሸራትተኝ እጄን ጠመኔ አስነካሁ። እንደ ልማዴ አማተብኩ፤ ከኋላዬ «ቢስሚላህ» ሲሉልኝ ሰማሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ድንጋዩ በጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ስንጥቁ ልክ ለጣቶቼ የተተወ ይመስላል። ከታች ድምፅ እየራቀ፣ የራሴ ትንፋሽ እየቀረበ መጣ። በውኃ ውስጥ የምሄድ ያህል ሰውነቴ ቀለለኝ። ከዚያ ያ የተነፋው ሆድ ሥር ደረስኩ። እዚያ ሲደረስ ቆም ይባላል፤ በአንድ እጅ ተይዞ ሌላው እየተራገፈ ያርፋል፣ ቀጥሎ የት እንደሚረገጥ ይታሰባል። እኔም ያንን አደረግሁ። ማሰቡን አበዛሁት ይሆናል። ግራውን ልያዝ ወይስ ቀኙን? እዚያም ላይ ሆኜ ባለሱቁ ወንበር ያቀረበልኝ ጫማ ቤት ውስጥ ነበርኩ።

ከታች የነበሩት ግን ያዩት ሌላ ነው። በአንድ እጇ የተንጠለጠለች፣ ሌላ እጇን ለእርዳታ የምታውለበልብ ልጅ ነው ያዩት። የሸህ ሰይድ ድምፅ ገደሉን ይዞ ወደ ላይ መጣ።

«ያ ረቢ! ይችን የሰው ልጅ በሰላም አውርዳት!»

«አሚን!»

«እጇን ከድንጋዩ አላቅቃት!»

«አሚን!»

አሚኑ ከልብ ነበር። የጋሽ ወርቁንም ወፍራም ድምፅ ለየሁት። ጣቶቼ እንዳይላቀቁ ሦስት ዓመት በር መቃን ላይ የተንጠለጠልኩ ልጅ ነኝ፣ አሁን አንድ መንደር እንዲላቀቁ እየለመነብኝ ነው። ውስጤ የሆነ ነገር ፈነዳ።

«ኧረ አታስለቅቁኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አታውርዱኝ! መውጣት ነው የምፈልገው!»

አሚኑ ተቋረጠ። እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም። «ባንክ አልገባም! ሀጃዬ ይሄ ነው! ይሄንን ነው የምፈልገው!»

ድንጋዩ ድምፄን መልሶ ጆሮዬ ላይ ጣለው። ለእናቴ፣ ለአሠልጣኜ፣ ለራሴ ተናግሬው የማላውቀው ነገር በጨፋ ማሽላ ላይ ሲሄድ ሰማሁት።

«ምን አለች?» ይላሉ ሸህ ሰይድ።

እትዬ ዘሃራ ወደ ጆሯቸው ተጠግተው በኦሮምኛ ጮኹላቸው፣ ያልገባቸው እንዳይኖር በአማርኛ ደገሙት። «መውጣት ነው ሀጃዬ ነው የምትለው! አውርዱኝ አላልኩም ነው የምትለው!»

«ታዲያ ሐሙስ ለምን አልነገረችንም?» አሉ ሸኹ በቁጣ። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እላይ ድረስ ይሰማል። «ያ አላህ፣ የቅድሙን ተወው። አውጣት!»

«አሚን!»

ግራውን ያዝኩ። ወደቅሁ። ፋጤ በገመዱ ያዘችኝ፣ ሴቶቹ እልል ይሁን ዋይ ያልለየለት ድምፅ አወጡ፣ እኔም አየር ላይ እየዞርኩ እንደ እብድ ሳቅሁ። ስረጋጋ ቀኙን ያዝኩ። እግሬን ከፍ አድርጌ ረገጥኩ፣ ወገቤን ወደ ድንጋዩ አስጠጋሁ፣ ሆዱን ዞርኩት። ከዚያ በላይ ያለውን አላስታውስም። የማስታውሰው ጫፉ ላይ ሣር ይዤ በደረቴ መተኛቴን ነው። ቀና ስል የቦርከና ወንዝ ከሸለቆው መሐል እየተጥመዘመዘ ያበራል፤ ያ ማማ ላይ ያለው ሰው ወንጭፉን ያዞራል፣ ድምፁ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ዱዓው ነው ያወጣኝ አልልም፤ ያወጣኝ እግሬን ከፍ ማድረጌ ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው ባይሰማኝ ኖሮ የተናገርኩትን ወርጄ እክደው ነበር። በኋላ ሸህ ሰይድን እጃቸውን ልስም ስጠጋ «አሁን ያንቺንም ዘጋነው» አሉኝና ስለ በቅሏቸው እርካብ መነጫነጭ ጀመሩ።

እሑድ

እትዬ ዘሃራ ጭኮ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ፤ የተቆላ ገብስ በቅቤ የታሸ፣ ለመንገድ የሚሆን። ጋሽ ወርቁ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝና ረዳቱን ጠርተው «ይህን ገመድ ከነካህ ታየኛለህ» አሉልኝ። ፋጤ ሁለት ቀን ትቆያለች፤ እኔ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ገመዴን እግሬ ሥር አድርጌ በመስኮቱ ማሽላውን ስሰናበት እንደ ገና እንቅልፍ ዓይኔን ያዘው።

የነቃሁት ሰንበቴ ከተማ ላይ ነው። ገበያዋ ቆሞ መንገዱን ከብት ሞልቶታል። ከቆላ የመጡ ግመሎች መኪናችን ፊት ቆመዋል፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ግመሎቹ ደንታ የላቸውም። ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ደህና ነሽ? የት ደረሽ? ለነገ የሚሆንሽን ቀሚስ ተኩሼ ሰቅዬልሻለሁ።»

ስትተኩስ ታየችኝ፤ ውኃ በእጇ እየረጨች፣ ክንብንቧን ወደ ኋላ ጥላ። ገደሉ ላይ መጮህ ከዚህ ይቀል ነበር።

«እማዬ» አልኳት፣ «ባንክ አልገባም።»

ዝም አለች። የአንዱ ግመል ፊት ከመስኮቴ ፊት ለፊት ቆሞ ያመነዥካል።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ገደሉን ነው?»

«አዎ፣ ገደሉን ነው።»

ለልቅሶዋ ተዘጋጀሁ፣ ለቁጣዋም፣ ለባንኩ ስንት ቀን እንደተንበረከከች እስክትነግረኝም ጠበቅሁ። ግመሎቹ ተንቀሳቀሱ፣ ሹፌሩ ማርሽ አስገባ።

«ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

«ገና ነኝ።»

«ብዪ እንጂ። በባዶ ሆድ ገደል ይወጣል እንዴ?»